ኃይል ለተጨመረበት የመንገድ መኪና ፍሪሲዮን እንዴት ይመረጣል

የሞተር ኃይል ሲጨመር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ፍሪሲዮን ነው። ፋብሪካው ፍሪሲዮኑን የሚያወጣው ለራሱ ሞተር ቶርክ (የማዞር ኃይል)፣ በላዩ ላይ የተወሰነ መጠባበቂያ ጨምሮ ነው። የቱርቦው ግፊት ከፍ ሲል ወይም የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም ሲቀየር ያ መጠባበቂያ ያልቃል። ከዚያ «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፣ ከሻጭም ከጓደኛም የሚሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ «ትልቁን ግዛ» ነው። በዚህ ምክር የተነሳ ጥሩ ጥሩ መኪናዎች በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ የማይነዱ ሆነዋል። በየቀኑ ለምትነዱት መኪና የሚሆነው ፍሪሲዮን ያላችሁን ቶርክ ተማምኖ የሚይዝ፣ ከዚያ ግን ብዙ የማያልፍ ነው። እሱን ለማግኘት ከመግዛታችሁ በፊት መሥራት ያለባችሁን በቅደም ተከተል እነሆ።

ደረጃ 1፦ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ መሆኑን አረጋግጡ

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ሌላ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት ሳታልፉ፣ በ3ኛ ወይም በ4ኛ ማርሽ ሞተሩን ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር በደቂቃ ላይ አድርጉና ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጡ። ዓይናችሁ የዙር መቁጠሪያው ላይ ይሁን። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ከሆነ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ይወጣሉ። እየተንሸራተተ ከሆነ ግን ሞተሩ ከፍተኛ ቶርኩ ጋ ሲደርስ መርፌው በድንገት ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ድምፁ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ያው ነው። እግራችሁን ስታነሱ ዙሩ ተመልሶ ይወርድና ይይዛል፤ ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሽታ ይገባል። አንዴ ካያችሁ ይበቃል። በደጋገማችሁት ቁጥር የዲስኩ ፊት ይቃጠላል፣ ቮላኖውም (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው፣ ዲስኩ የሚጫንበት ከባድ ክብ ብረት) ይጎዳል።

ሙከራው በ1ኛ ማርሽ የማይደረገው ጎማው ቀድሞ ስለሚፈተለክ ወይም መኪናው ቶሎ ፍጥነት ስለሚያነሳ ነው። በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩ ከፍተኛ ቶርኩ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ደካማ ፍሪሲዮንም የሚጋለጠው ያኔ ነው።

መንሸራተቱ ከተረጋገጠ በኋላ ምክንያቱን ፈልጉ። የሞተሩ የኋላ ፓራውሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ወይም የካምቢዮው የፊት ፓራውሊዮ ዘይት እያፈሰሰ ዲስኩን ካራሰው፣ የትኛውንም ውድ ፍሪሲዮን ብትገጥሙ መጨረሻው ያው ነው። የፔዳሉ ነጻ እንቅስቃሴ ጠፍቶ ወይም የላይኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ሳይመልስ ቀርቶ ፍሪሲዮኑ በግማሽ እንደተረገጠ ሆኖ ሊሆንም ይችላል። ይህ በጥቂት ገንዘብ የሚስተካከል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይታሰብበት። መኪናው ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ከሆነና ዲስኩ ከነበረበት ካልተቀየረ፣ ችግሩ እርጅና ሊሆን ይችላል። የፕሬሸር ፕሌቱ (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ሳህን) ሞላ ዲስኩ እየሳሳ ሲሄድ መጀመሪያ ጫናው ትንሽ ይጨምራል፣ ዲስኩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ግን ይወርዳል። ስለዚህ ያረጀ ፍሪሲዮን ትንሽ ኃይል ስለተጨመረበት ተንሸራተተ ማለት አዲስ የፋብሪካ ፍሪሲዮን አይችልም ማለት አይደለም። ለቀላል የኮምፒውተር ማስተካከያ አዲስ የፋብሪካ ዕቃ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ሲበቃ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ምርጫ የለም።

ደረጃ 2፦ የቶርክ ቁጥራችሁን ያዙ

ፍሪሲዮን የፈረስ ጉልበት አያውቅም። የሚሸከመው ቶርክ ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። አንድ ሞተር 300 የፈረስ ጉልበቱን በ8,000 ዙር ቢያወጣ፣ እዚያ ላይ ያለው ቶርክ ወደ 267 ኒውተን ሜትር ነው። ሌላ ባለ ቱርቦ ሞተር ያንኑ 300 የፈረስ ጉልበት በ5,000 ዙር ቢያወጣ 427 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ከፍተኛ ቶርኩ ታች ላይ ስለሆነ ደግሞ በ3,000 ዙር ከዚያም ይበልጥ ይሆናል። ሁለቱም «300 ፈረስ» ተብለው ይጠራሉ፤ የመጀመሪያው የሚመቸው ፍሪሲዮን ሁለተኛው ላይ ቢገጠም ግን አንድ ቀን አይቆይም። ስለዚህ ሻጭ «እስከ ይህን ያህል ፈረስ ይይዛል» ሲላችሁ ቁጥሩን በኒውተን ሜትር ጠይቁት። መመለስ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ኃይሉ የተለካው በዳይኖ (በመኪና ኃይል መለኪያ ማሽን) ከሆነ ወረቀቱን እዩ። ዳይኖ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ጎማ ላይ የደረሰውን ነው፣ ፍሪሲዮኑ የሚሸከመው ግን ቮላኖ ላይ ያለውን ነው። በመሃል ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ኩሽኔቶቹ የሚበሉት አለ፤ እንደ መኪናው ዓይነት ቢለያይም 15 በመቶ አካባቢ መገመት የተለመደ ነው። ጎማ ላይ 400 ኒውተን ሜትር ካነበባችሁ፣ 400ን በ0.85 ስታካፍሉ ቮላኖው ላይ 470 አካባቢ ይሆናል። የፍሪሲዮኑ አምራች የሚሰጠው ቁጥርም በቮላኖ ይሁን በጎማ አረጋግጡ። ብዙ ግዢ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በቮላኖው ቶርክ ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። ቱርቦ በቅዝቃዜ ጊዜ ከለመደው በላይ ሊገፋ ይችላል፣ ዲስኩም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ መጠባበቂያው ለእነዚህ ነው። 470 ላለው ሰው ከ560 እስከ 610 የሚይዝ በቂው ነው። «ወደፊት ትልቅ ቱርቦ አስገጥማለሁ» ብሎ ዛሬ 1,000 የሚይዝ መግዛትን አልደግፍም። ያ ቱርቦ እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ የምትረግጡት ይህንኑ ፔዳል ነው።

ደረጃ 3፦ ክብደቱን፣ ጎማውንና አነሳሳችሁን ጻፉ

ከቶርክ ቀጥሎ ፍሪሲዮንን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱም የሚመጣው በአብዛኛው መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ነው። ሞተሩ እየዞረ ጎማው ቆሟል፣ ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ልዩነቱን የሚውጠው ዲስኩ ነው። ሞተሩ ዙሩን ጠብቆ ፍሪሲዮኑ በእኩል ቶርክ እየተንሸራተተ መኪናው ከተነሳ፣ እንደ ሙቀት የሚወጣው ጉልበት መኪናው ካገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር እኩል ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ፍሪሲዮኑ ከያዘ፣ ሙቀቱ ወደ 23 ኪሎጁል ነው። በከፍተኛ ዙር ተነስታችሁ ፍሪሲዮኑ የያዘው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ግን ወደ 93 ኪሎጁል ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ስለዚህ በወረቀት ላይ አስፍሩ፦ የመኪናው ክብደት ከነተሳፋሪው፣ የሚነዳው በፊት ጎማ፣ በኋላ ጎማ ወይም በአራቱም መሆኑ፣ የጎማው ቁመት ከፋብሪካው አድጎ እንደሆነ፣ በወር ስንት ጊዜ ከቆመበት በሙሉ ኃይል እንደምታስነሱት፣ ሩጫ ሜዳ ትሄዱ እንደሆነ፣ በመጨናነቅ ውስጥ ምን ያህል እንደምትቆዩ። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ለብቻው ይታያል። የፊት ጎማ ነጂ መኪና ኃይል ሲበዛበት ጎማው ይፈተለክና ፍሪሲዮኑን ያድነዋል። በአራቱም የሚነዳው ግን መሬቱን ስለሚቆነጥጥ ሸክሙ በሙሉ የሚወድቀው ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። እንደ ሱባሩ ደብልዩአርኤክስና ሚትሱቢሺ ኢቮ ባሉ መኪናዎች ባለቤቶች ዘንድ የፍሪሲዮን ወሬ የማያልቀው ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ አቅሙ ከየት እንደሚመጣ ተረዱ

የፍሪሲዮን የመያዝ አቅም ከአራት ነገሮች ብዜት ይገኛል፦ የዲስኩ የፍትጊያ መጠን፣ የፕሬሸር ፕሌቱ ጫና፣ የዲስኩ አማካይ ሬዲየስና የሚፋተጉት ፊቶች ብዛት። የውጭ ዲያሜትሩ 240፣ የውስጡ 160 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ አማካይ ሬዲየሱ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ፕሬሸር ፕሌቱ በ6,000 ኒውተን ቢጫነው፣ የፍትጊያው መጠን 0.3 ቢሆን፣ አንድ ዲስክ ሁለት ፊት ስላለው፣ 0.3 ሲባዛ በ6,000፣ ሲባዛ በ0.1፣ ሲባዛ በ2 ወደ 360 ኒውተን ሜትር ይመጣል።

አሁን አቅሙን ለመጨመር ያሉትን መንገዶች እዩ። ጫናውን በ20 በመቶ ብታሳድጉ 432 ይሆናል፤ ዋጋውን የሚከፍለው እግራችሁ ነው። ፍትጊያው 0.4 የሆነ ዲስክ ብታስገቡ 480 ይሆናል፤ ፔዳሉ አይከብድም፣ አያያዙ ግን ይቆጣል። በዚያው ጫና ሁለት ዲስክ ብታደርጉ ፊቶቹ አራት ይሆኑና 720 ይደርሳል፤ እዚህ ላይ ከፋዩ ኪሳችሁ ነው። ሬዲየሱን የሚወስነው የቮላኖውና የካምቢዮው ቤት ስፋት ስለሆነ እሱ ላይ ብዙ መጫወቻ የለም።

በስሌቱ ውስጥ የዲስኩ ፊት ስፋት እንደሌለ ልብ በሉ። «ሰፊ ስለሆነ ብዙ ይይዛል» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ስፋት የሚረዳው ሙቀቱን ለማከፋፈልና ዕድሜን ለማርዘም ነው።

«ስቴጅ 1»፣ «ስቴጅ 2»፣ «ስቴጅ 3» የሚባለውም መለኪያ አይደለም። የጋራ ደንብ የለውም፤ የአንዱ አምራች ስቴጅ 2 የሌላው ስቴጅ 1 ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ የዲስኩን ማቴሪያል፣ የጫናውን መጠንና በኒውተን ሜትር የተጻፈውን አቅም ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ የዲስኩን ማቴሪያል ምረጡ

መኪናችሁ ነጋ ጠባ ምን እንደሚመስል የሚወስነው ይህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ኦርጋኒክ የሚባለው በፋብሪካ መኪናዎች ላይ ያለው ነው፤ ከጭረት፣ ከሙጫና ብዙ ጊዜ ከመዳብ ወይም ከናስ ክር ይሠራል። ለስለስ ብሎ ይይዛል፣ በመጨናነቅ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ስትለቁት አይንቀጠቀጥም፣ ቮላኖውንም አይበላም። ድክመቱ ሙቀት ነው። ሲግል ይንሸራተታል፣ በጣም ሲግል ሙጫው ይቃጠልና ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ጠንከር ያለ ፕሬሸር ፕሌት የታከለበት ጥሩ ኦርጋኒክ ዲስክ መጠነኛ ኃይል ለተጨመረባቸው አብዛኞቹ የመንገድ መኪናዎች በቂ ነው፤ ምክር ስጠየቅ መጀመሪያ የማስበውም እሱን ነው።

ኬቭላር የሚባለው ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ጭረት የሚሠራው ዕድሜው ረጅም ነው፣ አያያዙም ለስላሳ ነው። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ማላመጃው ከሌሎቹ ይረዝማል፣ አንዴ ከተቃጠለም ወደ ቀድሞው ለመመለስ ይቸገራል። ከቆመበት በከፍተኛ ዙር ለማስነሳት ለሚወድ ሰው አይሆንም።

ሴራሚክ የሚባለው በእርግጥ ከብረት ዱቄትና ከሴራሚክ ተጋግሮ የሚሠራ ነው። ፍትጊያው ከፍ ያለ ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ከጋለ በኋላም ሲቀዘቅዝ ያገግማል። የሚከፈለው ዋጋ አያያዙ ላይ ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ በመልቀቅና በመያዝ መካከል ያለው ርቀት በጣም ያጥራል። ዳገት ላይ ተሰልፋችሁ፣ ከፊት ያለው መኪና ሁለት ሜትር ሲንቀሳቀስ፣ ቀስ ብላችሁ ለመከተል ስትለቁት ወይ መኪናው ይዘላል ወይ ሞተሩ ይጠፋል፤ በመሃል ያለውን ነጥብ ለማግኘት ስትሞክሩ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል። ነጂው ይለምደዋል፣ መኪናውን የምትዋሰው እህታችሁ ግን አትለምደውም። የቮላኖውንም ፊት ቶሎ ይበላል።

በአንድ ፊቱ ኦርጋኒክ፣ በሌላው ሴራሚክ የሆነ ዲስክም አለ። ከሙሉ ሴራሚክ ይሻላል፣ ግን ቁጣው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቶርካችሁ ከኦርጋኒክ አቅም ትንሽ ብቻ ካለፈ ተመልከቱት። የተጋገረ ብረት የሚባለው ለሩጫ መኪና ነው፣ ለመንገድ አይታሰብ። ካርቦን ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት እየቻለ ለስላሳ ነው፣ ግን ዋጋው ከባድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ባለ ብዙ ዲስክ ሆኖ ይመጣል።

በዲስኩ ቅርጽ ላይም ምርጫ አለ። ሙሉ ክብ ዲስክ ለስላሳ ነው። ባለ 6፣ ባለ 4፣ ባለ 3 ቁራጭ የሚባሉት፣ ማለትም የፍትጊያ ፊታቸው በተነጣጠሉ ቁራጮች የተከፋፈለው፣ ቀለል ስለሚሉ በከፍተኛ ዙር ማርሽ መለወጥን ያፋጥናሉ፤ ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ግን አያያዙ ይበልጥ ይቆጣል፣ ሙቀቱም በትንሽ ቦታ ላይ ይከማቻል። ለመንገድ ሙሉ ክብ፣ ግድ ከሆነ ባለ 6፤ ከዚያ በታች አትውረዱ።

የዲስኩ መሃል ላይ ያሉትን ሞላዎች እዩ። የሞተሩን ምት የሚያለዝቡት እነሱ ናቸው። ሞላ የሌለው መሃል ለሩጫ ነው፤ መንገድ ላይ ምቱ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ይገባና ማርሾቹን ያንኳኳል። በሁለቱ የፍትጊያ ፊቶች መካከል ሞገድ የሚመስል ስስ ብረት መኖሩንም ጠይቁ፤ ለስለስ ብሎ እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነው፣ አንዳንድ «የጠነከሩ» ዲስኮች ላይ ሆን ተብሎ ይወጣል።

ደረጃ 6፦ ፔዳሉና ጫናው

ከባድ ፕሬሸር ፕሌት እግርን ብቻ አይደለም የሚያደክመው። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ጫናው የክራንኩን የግፊት ኩሽኔት ይጫነዋል፤ ትራፊክ መብራት ላይ ረግጣችሁ ስትቆዩ ደግሞ ያለማቋረጥ ይጫነዋል። ስለዚህ ከባድ ፕሌት ያለው ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ማርሹን አውጥቶ እግሩን ያንሳ። የፔዳሉ መያዣ ብረትም፣ ፓምፑም፣ የጎማ ቱቦውም ለቀላል ጫና የተሠሩ ናቸው፤ ፔዳሉ ሲከብድ ቱቦው ይነፋል ወይም የፔዳሉ መያዣ ብረት ይጎብጣል፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል። ቱቦውን በብረት በተጠለፈ መቀየር ርካሽ መፍትሔ ነው።

የአቅም ጭማሪው ከ40 በመቶ በላይ ከሆነና መኪናው በየቀኑ የሚነዳ ከሆነ፣ አንዱን ዲስክ በከባድ ጫና ከማስጨነቅ ባለ ሁለት ዲስክ መግዛትን እመርጣለሁ። ቀለል ባለ ጫና፣ በኦርጋኒክ ዲስክ፣ ትልቅ ቶርክ ይይዛል። አንዳንዶቹ ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ በሁለቱ ዲስኮች መሃል ያለው ሳህን ይንቀጫቀጫል፤ ድምፁ ጉዳት የለውም፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የተገጠመበት መኪና ካገኛችሁ አዳምጡት።

ደረጃ 7፦ ቮላኖውን አብራችሁ ወስኑ

ቮላኖና ዲስክ አንድ ላይ የሚመረጡ ናቸው። በዘመናዊ መኪና ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ነው፤ በውስጡ የተቀመጡ ሞላዎች የሞተሩን ምት ይውጣሉ። ለዚህ ሲባል የፋብሪካው ዲስክ መሃሉ ላይ ሞላ ላይኖረው ይችላል። ቮላኖውን ወደ አንድ ወጥ ብረት ከቀየራችሁ ዲስኩ የግድ ባለ ሞላ መሆን አለበት። ይህን ሳታስተውሉ የድሮውን ዲስክ አዲስ ቮላኖ ላይ ብትገጥሙ ካምቢዮው ምቱን ሁሉ በባዶው ይቀበላል። ባለ ሞላ ዲስክ ቢሆንም መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲዞር ከካምቢዮው መጠነኛ መንኳኳት መስማታችሁ አይቀርም፤ ያንን ከወዲሁ እወቁት።

ቀላል ቮላኖ የሞተሩን ዙር አወጣጥና አወራረድ ያፋጥናል። ልዩነቱ የሚሰማው በተለይ በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ ነው፣ በከፍተኛ ማርሽ እምብዛም ነው። በአንጻሩ ከቆመበት ሲነሳ ሞተሩ ቶሎ ይጠፋል፣ ሙቀት የሚውጠው ብረትም ይቀንሳል። ቀላል ቮላኖንና ሴራሚክ ዲስክን አንድ ላይ ማድረግ ለመንገድ መኪና ከሁሉ የከፋው ጥምረት ነው። ትንሽ ቀለል ያለ ብረት ቮላኖ ከኦርጋኒክ ዲስክ ጋር ግን ያስደስታል። ተሰንጥቆ ሲበተን አደገኛ ስለሆነ፣ ከተራ ቀልጦ ከተቀዳ ብረት የተሠራን ቮላኖ በቶርኖ አስቆርጦ ማቅለል ፈጽሞ አይደረግ። ለኃይል ተብሎ የተሠራ፣ ደኅንነቱ የተመሰከረለት ግዙ።

ደረጃ 8፦ ቀጥሎ የሚሰበረውን አስቡ

ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ከኋላው ያሉትን ያድናል። አልንሸራተት ያለ ፍሪሲዮን ስትገጥሙ ድንጋጤው ወደ ካምቢዮው ማርሾች፣ ወደ ዲፈረንሻሉና ወደ ጎማ ዘንጎቹ ይሄዳል። ካምቢዮአችሁ ለ400 ኒውተን ሜትር የተሠራ ከሆነ፣ ለ900 የሚሆን ሴራሚክ ፍሪሲዮን ከሱ ጋር ማያያዝ ርካሹን ዕቃ አድኖ ውዱን መስበር ነው። አቅሙን ከልክ አታሳልፉ ያልሁበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ደረጃ 9፦ የድሮውን አውጥታችሁ አንብቡት

ካምቢዮው ሲወርድ ዲስኩን ቶሎ አትጣሉት። ፊቱ የሚያብረቀርቅና ጥቁር ከሆነ ተቃጥሏል፣ አቅሙ አንሷል ወይም አነዳዱ ያስጨንቀዋል። ውፍረቱ ፊቱን እስከያዙት ሪቬቶች ድረስ ሳስቶ ፊቱ ግን ንጹሕ ከሆነ በዕድሜው አልቋል፤ ያኔ የአቅም ጥያቄው እንደገና ይታይ። ከመሃል ወደ ዳር የሚፈናጠር የዘይት ዱካ ካለ ፓራውሊዮውን ቀይሩ። ቮላኖውን በብርሃን ላይ አዙሩ፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ የጋለበት ቦታ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሉ ደግሞ አይመለስም። ነጠብጣብ ብቻ ከሆነና ውፍረቱ ከተፈቀደው በታች ካልወረደ በሬቲፊካ (ፊት በሚያለሰልስ ማሽን) ፊቱ ይስተካከላል።

ከፍሪሲዮኑ ጋር አብረው የሚቀየሩ አሉ፦ የመልቀቂያ ኩሽኔት፣ የክራንኩ ጫፍ ኩሽኔት ካለ እሱ፣ የቮላኖ ብሎኖች፣ ሁለቱም ፓራውሊዮዎች። በካምቢዮው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ የፍሪሲዮን መግፊያ ካለ እሱም አብሮ ይቀየር። ሁለተኛ ጊዜ ካምቢዮ ማውረድ ከእነዚህ ሁሉ ዋጋ ይበልጣል። ፍሪሲዮኑ ሲታዘዝ የመግፊያ ወይም የመሳቢያ ዓይነት (የመልቀቂያ ኩሽኔቱ የፕሌቱን ሞላ ገፍቶ ወይም ስቦ የሚያስለቅቅ) መሆኑን አረጋግጡ፤ ለምሳሌ በብዙ ባለ ቱርቦ ሱባሩዎች ያለው የመሳቢያው ዓይነት ነው፣ ሁለቱ አይለዋወጡም።

ደረጃ 10፦ ሲገጠም

የቮላኖውንና የፕሬሸር ፕሌቱን ፊት በፍሬን ማጽጃ አጥቡ፤ ፋብሪካ የቀባው የዝገት መከላከያ ካለ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የዲስኩ የትኛው ፊት ወደ ቮላኖ እንደሚሆን ተጽፎበታል፣ ገልብጦ መግጠም የሚያጋጥም ስህተት ነው። የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ላይ ግራሶ በጣም ስስ ይሁን፣ የተረፈው ተፈናጥሮ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል። ዲስኩን በማስተካከያው ዘንግ መሃል ላይ አድርጉት። የፕሌቱን ብሎኖች ትይዩ ትይዩ እያላችሁ፣ በየተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቁና መጨረሻውን አምራቹ ባዘዘው ልክ በቶርክ ቁልፍ ጨርሱት። አንዱን ሙሉ በሙሉ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ፕሌቱን ያጣምመዋል። ራሱን የሚያስተካክል ፕሌት ያለባቸው መኪናዎች ደግሞ የራሳቸው መግጠሚያ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ካምቢዮውን በዲስኩ ላይ አንጠልጥላችሁ አትተዉት፤ የዲስኩ መሃል ይጎብጣል።

ደረጃ 11፦ አላምዱት

አዲስ ፍሪሲዮን ወዲያው በሙሉ ኃይል አይነዳም። የዲስኩና የቮላኖው ፊት እርስ በርስ እስኪተዋወቁ ድረስ ብዙ አምራቾች 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ የከተማ መንዳት ያዛሉ። ቁም ነገሩ ከርቀቱ ይልቅ ፍሪሲዮኑ የተረገጠበትና የተለቀቀበት ብዛት ነው፤ በረጅም አውራ ጎዳና ላይ በአንድ ማርሽ 800 ኪሎ ሜትር መሄድ አያላምደውም። በዚያ ጊዜ ሙሉ ነዳጅ አትስጡ፣ በከፍተኛ ዙር አታስነሱ፣ ዳገት ላይም መኪናውን በፍሪሲዮን ይዛችሁ አትቁሙ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠነኛ መንቀጥቀጥ ቢኖር አትደናገጡ፣ ብዙ ጊዜ እየተላመደ ሲሄድ ይጠፋል። ከማላመጃው በኋላም ከቀጠለ በቅደም ተከተል ፈትሹ፦ መጀመሪያ የሞተሩንና የካምቢዮውን መያዣ ጎማዎች፣ ያረጁ ከሆነ ጤነኛ ፍሪሲዮን ሳይቀር ያንቀጠቅጣሉና። ቀጥሎ በፍሪሲዮኑ ቤት የታችኛው ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት መኖሩን። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ካምቢዮው ወርዶ የቮላኖው ፊት መወላገዱ በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ይለካ፣ ብሎኖቹ የተጠበቁበት ልክም ይታይ።